ከኤስ ፌዝ በኋላ ክሮሞሶሙ 46 ነው ወይስ 92? ግራ ገባኝ

ግራ_የገባው

ሰላም ሰዎች። የሴል ክፍፍል የሚባለውን ቻፕተር እያነበብኩ ነው ፈተናም እየደረሰብኝ ነው እና አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሬ ቀርቻለሁ። ስለ ሴሉ ክፍሎች ያለው ብዙም አላስቸገረኝም፣ ሜምብሬኑ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል፣ ኒውክለሱ ዲኤንኤ ይይዛል፣ ራይቦዞም ፕሮቲን ይሠራል፣ ጎልጂ የተሠራውን አሰናድቶ ወደሚሄድበት ይልካል፣ ማይቶኮንድሪያ ኤቲፒ (ሴሉ የሚሠራበትን ኃይል) ያመርታል፣ እሱን እሺ። ነገር የተበላሸው ክፍፍሉ ላይ ስደርስ ነው።

መጽሐፉ የሰው የሰውነት ሴል 46 ክሮሞሶም (ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ዘንግ) አለው ይላል። እሺ። ከዛ ሴሉ ሊከፈል ሲል ኤስ ፌዝ ላይ ዲኤንኤው በሙሉ ይባዛል ይላል። ስለዚህ 92 ሆነ ማለት ነው አይደል? ገጹን ስገልጠው ፕሮፌዝ ላይ ያለ ሴል 46 ክሮሞሶም አለው ይለኛል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ አናፌዝ ላይ 92! ዲኤንኤው እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፣ ምንም ዲኤንኤ ባልተጨመረበት ሰዓት ደግሞ ዘሎ እጥፍ ሆነ። ይሄ እንዴት ነው? ሚዮሲስማ (እንቁላልና ስፐርም የሚሠራበት ክፍፍል) ጭራሽ አይነሳ፣ የመጀመሪያው ክፍፍል ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሳል ሁለተኛው ግን አይቀንስም ይላል፣ ሁለቱም ላይ እኮ ሴሉ ለሁለት ነው የሚከፈለው።

ሌላም አለችኝ፣ የሞኝ ጥያቄ ከሆነች እለፏት። ሴል መከፈል ለምን አስፈለገው? ዝም ብሎ እያደገ ቢሄድስ?

እና እባካችሁ "ፕሮፌዝ ሜታፌዝ አናፌዝ ቴሎፌዝ ብለህ ሸምድድ" እንዳትሉኝ፣ እሱን ሸምድጄ ነው እዚህ የደረስኩት።

ላብ_ኮት

ባዮሎጂው ገብቶሃል፣ ያልገባህ አቆጣጠሩ ነው። ክሮሞሶም የሚቆጠረው በሴንትሮሜር (ክሮሞሶሙ ላይ ያለች ጠባብ ቦታ) ነው። አንድ ሴንትሮሜር ካየህ አንድ ክሮሞሶም፣ በቃ፣ ዲኤንኤው ነጠላ ይሁን ድርብ አያገባህም። ኤስ ፌዝ ላይ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ይገለበጣል ግን ግልባጩ ተነጥሎ የትም አይሄድም፣ ከዋናው ጋር እንደተጣበቀ ይቆያል፣ በተለይ ሴንትሮሜሩ ጋ ጥብቅ ብሎ። እነዚህ የተጣበቁት ሁለቱ ናቸው እህትማማች ክሮማቲዶች የሚባሉት። ስለዚህ ከኤስ ፌዝ በኋላ ክሮማቲድ 92 ደርሷል፣ ክሮሞሶም ግን ያው 46 ነው።

አንድ ወረቀት ፎቶኮፒ አድርገህ ዋናውንና ኮፒውን በስቴፕለር አያያዝካቸው እንበል። አንድ ላይ የተያያዘውን ሁሉ "አንድ" ብለህ የምትቆጥር ከሆነ ወረቀቱ እጥፍ ቢሆንም ቁጥርህ አልተለወጠም። አናፌዝ ሽቦው የሚነቀልበት ሰዓት ነው፣ ከዛች ቅጽበት ጀምሮ ሁለቱ ለየብቻ ይቆጠራሉ። አንድም ወረቀት ሳይጨመር 46ቱ 92 ሆኑ ማለት ነው።

ሴሉ ውስጥ ይሄን የሚሠራው ኮሄሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ሁለቱን ክሮማቲዶች ዙሪያቸውን ይዞ አንድ ላይ ያቆያቸዋል። ሜታፌዝ ላይ ክሮሞሶሞቹ መሃል ተሰልፈው ከሁለቱም ዋልታ (ከሴሉ ሁለት ጫፎች) በሚመጡ የስፒንድል ክሮች ይያዛሉ፣ አንዷ እህት ወደ ግራ ሌላዋ ወደ ቀኝ እየተሳበች፣ ኮሄሲኑ ግን አልለቅም ብሎ። እዚህ ጋ የሚገርመኝ ነገር ሴሉ ቸኩሎ አለመጀመሩ ነው፣ አንዲት ክሮሞሶም እንኳን በክር ሳትያዝ ከቀረች ኪኔቶኮሯ (ክሩ የሚይዛት ቦታ) ላይ "ቆዩ" የሚል ምልክት ይወጣና አናፌዙ ይዘገያል። ሁሉም ሲያዙ ምልክቱ ይጠፋል፣ ሴፓሬዝ የሚባል ኢንዛይም ይፈታና ኮሄሲኑን ይቆርጠዋል፣ 46ቱም ጥንዶች አንድ ላይ ይለያያሉ። ለዚህ ነው አናፌዝ በማይክሮስኮፕ ቪዲዮ ሲታይ ድንገት የሚመስለው።

ስለዚህ ከደረጃዎቹ ስም ይልቅ "አሁን ምን ከምን ጋር ተያይዟል፣ ምን ከምን ሊላቀቅ ነው" ብለህ ጠይቅ። ሚዮሲሱም በዚሁ ይፈታል፣ ማታ ላይ ተመልሼ እጽፍልሃለሁ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ዝም_አልልም

እኔ በዚህ የሴንትሮሜር ነገር ደስተኛ አይደለሁም። ሰዎች የተስማሙበት አቆጣጠር ነው እንጂ ተፈጥሮ "እኔ በሴንትሮሜር ቁጠሩኝ" አላለችም። የዲኤንኤ ሞለኪውል ብትቆጥር ከኤስ ፌዝ በኋላ 92 ሞለኪውል አለ፣ አለቀ። ተማሪውን የሚያደናግረው ይሄው ነው፣ ዋናው ነገር ዲኤንኤው ሆኖ ሳለ በማሰሪያው እንዲቆጥር ይነገረዋል።

ላብ_ኮት

@ዝም_አልልም ሞለኪውሉ 92 ነው፣ ማን ካደ? ግን ሁለቱም ቁጥር ያስፈልግሃል፣ የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነዋ። ክሮሞሶም ስትቆጥር ስንት ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ነው የምታውቀው፣ ዲኤንኤ ስትለካ ደግሞ ስንት ኮፒ እንዳለ። ለዛ ነው መጽሐፍ ላይ ሁለት ምልክት የምታየው፣ ኤን ለክሮሞሶም ስብስብ ብዛት፣ ሲ ለዲኤንኤ መጠን። ጂ ዋን (ከኤስ ፌዝ በፊት) ላይ ያለ የሰውነት ሴል 2ኤን 2ሲ ነው፣ ጂ ቱ (ከኤስ ፌዝ በኋላ) ላይ 2ኤን 4ሲ። ኤኑ ሳይነቃነቅ ሲው እጥፍ ሆነ፣ የጠያቂያችን ራስ ምታት በሙሉ እዚች ውስጥ ነው ያለችው።

ዝም_አልልም

እንደዛ ሁለቱን ለይተህ ስትጽፈው እሺ። አንዱን ብቻ ሰጥተው "46 ነው ዝም ብለህ ተቀበል" ሲሉ ነው የሚያናድደኝ።

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ ጥያቄህ የሞኝ አይደለም፣ ለብዙ ዓመት ሳስተምር ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ እዚሁ ላይ ነበር የሚደናቀፉት። አንድ ጥፋተኛ ልጠቁምህ፣ ሥዕሉ ነው። መጽሐፎች ክሮሞሶምን ሁልጊዜ በኤክስ ቅርጽ ነው የሚሥሉት፣ ተማሪው ክሮሞሶም ማለት ኤክስ ነው ብሎ ይይዛል፣ ከዛ የኤክሱ ግማሽ ሲሄድ "ግማሽ ክሮሞሶም" ይመስለዋል። ኤክሱ ግን ተባዝቶ ገና ያልተላቀቀ ክሮሞሶም ነው። ክሮሞሶም በዚያ ቅርጽ የሚታየው በጣም አጭር ጊዜ ብቻ ነው። በላብራቶሪ የሚያድግ የሰው ሴል አንድ ዙር ለመጨረስ 24 ሰዓት ገደማ ቢፈጅበት ማይቶሲሱ (ከፕሮፌዝ እስከ ቴሎፌዝ ያለው የሰውነት ሴል ክፍፍል) ከዚያ ውስጥ 1 ሰዓት ያህል ነው፣ በቀረው ጊዜ ዲኤንኤው ተፍታቶ ኒውክለሱን ሞልቶ ነው የሚኖረው፣ ጂኖቹ የሚነበቡትም ያኔ ነው።

ታዲያ ሥዕሉ ለምን ሁልጊዜ ኤክስ ሆነ ብትል፣ ክሮሞሶም ፎቶ ለማንሳት ሴሉን ሜታፌዝ ላይ ማቆም ስላለብን ነው። ኮልቺሲን የሚባል ከተክል የሚገኝ መርዝ የስፒንድል ክሮቹ እንዳይሠሩ ያደርጋል፣ ክር ከሌለ አናፌዝ የለም፣ ሴሉ እዚያው ይቆማል፣ ክሮሞሶሞቹም ወፍረው ተጠቅልለው ለካሜራ ምቹ ሆነው ይቀመጣሉ። በነገራችን ላይ የሰው ክሮሞሶም ስንት እንደሆነ ዓለም በትክክል ያወቀው በ1956 ነው። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል 48 ነው ተብሎ ይታመን ነበር፣ መጽሐፍ ላይም እንደዚያው ይጻፍ ነበር። ስዊድን ሉንድ ውስጥ ጆ ሂን ቺዮ እና አልበርት ሌቫን በኮልቺሲን ሴሎቹን አቁመው፣ ጨዉ በቀለለ ፈሳሽ አሳብጠው ክሮሞሶሞቹን እንዲበታተኑ ካደረጉ በኋላ ቢቆጥሩ 46 ሆኖ አገኙት። ያን ያህል ጊዜ የተሳሳቱት ሰነፍ ስለነበሩ አይደለም፣ ክሮሞሶሞቹ ተደራርበው ተጠላልፈው ስለሚታዩ ነው። ስለዚህ አንተም ብትደናገር አይገርምም።

ማይክሮ_ወዳጅ

መምህር ያሉት ላይ ልጨምር፣ የሚቻልህ ከሆነ በዓይንህ እየው፣ ሥዕል ላይ አሥር ጊዜ ከምታፈጥ ይሻላል። የሽንኩርት ሥር ነው የሚያስፈልግህ፣ ሽንኩርቱን ሥሩ በኩል ውሃ አስነክተህ ስታስቀምጠው ነጭ ነጭ ሥር ያወጣል። ከሥሩ ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቁረጥ፣ ክፍፍል ያለው እዛ ጫፉ ላይ ነው ከፍ ካልክ የሚረዝም ሴል እንጂ የሚከፈል አታገኝም። ቀለል ያለ አሲድ ውስጥ ትንሽ ሞቅ አድርገህ ሴሎቹን ያያያዘው ነገር እንዲላላ ታደርጋለህ፣ ከዛ አሴቲክ ኦርሴይን ወይ አሴቶ ካርሚን ቀለም፣ ከዛ ስላይድ ላይ አድርገህ ከቨር ስሊፑን ደፍተህ በአውራ ጣትህ ወደታች ጫን፣ ወደ ጎን ካንሸራተትከው ሁሉም ነገር ይጠቀለልብሃል። አሲዱን መምህር ወይ ላብ ቴክኒሻን ባለበት ብቻ ሥራ።

መጀመሪያ ስታይ ታዝናለህ፣ አብዛኛው ሴል ዝም ያለ ክብ ኒውክለስ ብቻ ነው፣ ኢንተርፌዝ ማለት ያ ነው። ተረጋግተህ ስላይዱን እያንቀሳቀስክ ፈልግ። እዚህም እዛም የተወሳሰበ ክር የመሰለ ኒውክለስ ታያለህ እሱ ፕሮፌዝ ነው። መሃል ላይ በአንድ መስመር የተኮለኮለ ካየህ ሜታፌዝ። አናፌዙን ስታገኝ ግን ጊዜ ወስደህ እየው፣ ሁለት ቡድን ወደ ሁለት ጫፍ እየሄደ እያንዳንዱ ዘንግ መሃሉ ጋ ታጥፏል፣ እጥፋቱ ወደ ዋልታው ዞሮ ሁለቱ ጫፎች ወደ ኋላ ይጎተታሉ። እጥፋቱ ላይ ያለው ሴንትሮሜሩ ነው፣ ክሩ የያዘው እሱን ስለሆነ እሱ ይቀድማል ክንዶቹ ይከተላሉ። ያንን ካየህ በሴንትሮሜር ለምን እንደሚቆጠር ማንም ሊያስረዳህ አያስፈልግም። ሽንኩርት ደግሞ 16 ክሮሞሶም ብቻ ስላለውና ትልልቅ ስለሆኑ ከሰው ሴል በጣም ይቀላል።

ቴሎፌዝ ላይ ደግሞ መሃል ላይ ቀጭን መስመር ስትሠራ ታያለህ፣ እሷ ሴል ፕሌት ናት። ተክል ጠንካራ ግድግዳ ስላለው መሃሉን መቆንጠጥ አይችልም፣ ከጎልጂ የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች መሃል ላይ ተሰብስበው ተዋህደው አዲስ ግድግዳ ይገነባሉ፣ ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚሄደው። የእንስሳ ሴል በተቃራኒው ከዳር ወደ መሃል ነው፣ ከሜምብሬኑ ሥር የአክቲንና ማዮሲን ቀለበት ይሠራና እየጠበበ እየጠበበ ይበጥሰዋል፣ ጡንቻህን የሚያኮማትሩት እኮ እነዚሁ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው።

ግራ_የገባው

ወይ ጉድ፣ እናንተ ሰዎች መጽሐፉን ለምን አልጻፋችሁትም? ሴንትሮሜሩ ገባኝ፣ መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ ኤክሷ እኮ ነበረች ያሳሳተችኝ እውነትዎን ነው። @ላብ_ኮት ሚዮሲሷን እየጠበቅኩ ነው። እና ሌላ ነገር መጣብኝ፣ ክሮሞሶሙ ይሄን ያህል ተጠንቅቆ እኩል ከተከፋፈለ ማይቶኮንድሪያውስ? ራይቦዞሙስ? እሱንም ክር እየያዘ ያካፍለዋል?

ላብ_ኮት

መጣሁ። ሚዮሲስ።

ከዚህ በፊት አንድ ነገር ለይተህ ያዝ፣ ብዙ ሰው የሚቀላቅለው ነው። "እህትማማች" እና "ሆሞሎገስ" አንድ አይደሉም። 46ቱ ክሮሞሶም 23 ከእናትህ 23 ከአባትህ ነው። ከእናትህ የመጣው ቁጥር 7 እና ከአባትህ የመጣው ቁጥር 7 ሆሞሎገስ ናቸው፣ ተመሳሳይ ጂኖች በተመሳሳይ ቦታ ይዘዋል ግን ይዘቱ በመጠኑ ይለያያል። እህትማማች ክሮማቲድ ግን የአንዱ ክሮሞሶም የራሱ ግልባጭ ነው።

ማይቶሲስ ላይ ሆሞሎገሶቹ አይተዋወቁም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይሰለፋል። ሚዮሲስ አንድ ላይ ግን ይፈላለጋሉ፣ ጎን ለጎን ይጣመራሉ፣ ቁራጭም ይለዋወጣሉ፣ ክሮሲንግ ኦቨር የሚባለው። ከዛ የሚሰለፈው ጥንዱ ነው፣ 23 ጥንድ። አናፌዝ አንድ ሲመጣ የሚላቀቁት ሆሞሎገሶቹ ናቸው፣ እህትማማቾቹ ተጣብቀው ነው አብረው የሚሄዱት! ያቺ ሽቦ እዚህ አትነቀልም። እንዴት ሳትቆረጥ ቀረች ብትል፣ ክንዱ ላይ ያለው ኮሄሲን ይቆረጣል፣ ሴንትሮሜሩ ጋ ያለውን ግን ሹጎሺን የሚባል ፕሮቲን ከሴፓሬዙ ይከላከልለታል። ስለዚህ ወደ እያንዳንዱ ዋልታ 23 ክሮሞሶም ሄደ፣ እያንዳንዱ ገና ድርብ ነው። ቁጥሩ በግማሽ የቀነሰው እዚህ ነው፣ 2ኤን የነበረው ኤን ሆነ።

ሚዮሲስ ሁለት ላይ በመሃል ዲኤንኤ አይገለበጥም፣ በቀጥታ ይገባል፣ አሁን ጠባቂው የለም፣ እህትማማቾቹ ይላቀቃሉ። 23 ድርብ ገብቶ 23 ነጠላ በአንድ በኩል 23 ነጠላ በሌላ በኩል። ከ23 ወደ 23፣ ስለዚህ "አይቀንስም"። የቀነሰው ዲኤንኤው ነው፣ ከ2ሲ ወደ 1ሲ። ሴሉ ሁለቱም ጊዜ ለሁለት መከፈሉ እውነት ነው፣ የተላቀቀው ነገር ግን ሌላ ነው።

ስብጥሩ ደግሞ እዚሁ ነው የሚወለደው፣ የትኛው ጥንድ የእናቱን ወደየት እንደሚያዞር ዕድል ስለሆነ 2ን 23 ጊዜ በራሱ ስታባዛ 8,388,608 ዓይነት ቅንብር ይወጣል፣ ይሄ ክሮሲንግ ኦቨሩ ሳይታሰብ ነው።

አሁን ይሄ ነገር ሲበላሽ። አንድ ጥንድ ሳይላቀቅ አብሮ ወደ አንድ ወገን ከሄደ የሚሠራው እንቁላል ወይ ስፐርም አንድ ትርፍ ይይዛል። ቁጥር 21 ላይ ሲሆን ከጽንሰት በኋላ ሦስት 21 ይኖራል፣ ዳውን ሲንድሮም፣ በ1959 ዤሮም ለዤን፣ ማርት ጎትዬና ሬሞን ቱርፔን ናቸው ትርፍ ክሮሞሶም እንዳለበት ያሳተሙት፣ ያው 46 መሆኑ ከታወቀ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ትክክለኛው ቁጥር ሳይታወቅ ትርፉ እንዴት ይታወቅ። ከእናት ዕድሜ ጋር የሚጨምርበትም ምክንያት አለው፣ የሴት እንቁላል ሴሎች ሚዮሲስን የሚጀምሩት ልጅቷ ገና ሳትወለድ ነው፣ ፕሮፌዝ አንድ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ተራዋ ሲደርስ ነው የምትቀጥለው። አርባ ዓመት በጠበቀች እንቁላል ውስጥ ያ ኮሄሲን ያን ሁሉ ጊዜ ይዞ መቆየት ነበረበት፣ እየሳሳ ይሄዳል፣ ለስህተቱ መብዛት ትልቅ ድርሻ አለው።

እንቁላል_ናት_ዋናዋ

ስለ ማይቶኮንድሪያው እኔ ልመልስ። አይቆጠርም። ክሮሞሶም አንድ እንኳን ቢጎድል ችግር ስለሆነ ነው ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ማይቶኮንድሪያና ራይቦዞም ግን ብዙ ስለሆኑ ሳይቶፕላዝሙ ሲከፈል ግምት በግምት ለሁለት ይደርሳል፣ ትንሽ ያነሰው ቆይቶ ያበዛል። ጎልጂውማ የእንስሳ ሴል ውስጥ ማይቶሲስ ሲመጣ ተሰባብሮ ብትንትን ይልና በኋላ ሁለቱም ጋ መልሶ ይገነባል። የኒውክለሱ ሽፋንም እንደዛው፣ ይፈርሳል ከዛ ቴሎፌዝ ላይ በአዲሶቹ ክሮሞሶሞች ዙሪያ ይሠራል።

ማይቶኮንድሪያ ግን ልዩ ናት፣ ሴሉ ከባዶ አይሠራትም፣ ከነበረች ማይቶኮንድሪያ ተከፍላ ነው የምትገኘው፣ ለዛውም የሴሉን ክፍፍል ሳትጠብቅ በራሷ ጊዜ። የራሷ ክብ ዲኤንኤ አላት፣ የሰው ከሆነ 16,569 ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ፊደል ጥንድ) 37 ጂን። ሽፋኗ ድርብ ነው፣ ራይቦዞሟም ከሳይቶፕላዝሙ ይልቅ የባክቴሪያውን ይመስላል። ድሮ ድሮ ሌላ ሴል የዋጣት ባክቴሪያ ነበረች የሚለው ሐሳብ ለዚህ ነው ሚዛን የደፋው፣ ሊን ማርጉሊስ በ1967 ስታሳትመው ብዙ መጽሔት እምቢ ብሏት ነበር አሁን የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው። እና ማይቶኮንድሪያህን ያገኘኸው ከእናትህ ነው፣ የስፐርሙ ማይቶኮንድሪያ እንቁላሉ ውስጥ ቢገባም ይወገዳል። ስለዚህ "ከሁለቱም ወላጅ እኩል እኩል" የሚለው ለኒውክለሱ ብቻ ነው የሚሠራው።

"የሴሉ ኃይል ማመንጫ" ብሎ ሸምድዶ ማለፍ ግን ያሳዝነኛል፣ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ምልክት ሲሰጠው እኮ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልፈው በማይቶኮንድሪያ በኩል ነው።

ዝም_አልልም

ማንም ያላነሳውን "ለምን ይከፈላል" የሚለውን እኔ ልውሰድ፣ አጭር ነው። ጎኑ 1 የሆነ ኩብ ውሰድ፣ ገጹ (የውጭ ስፋቱ) 6 ይዘቱ 1። ጎኑን 2 አድርገው፣ ገጹ 24 ይዘቱ 8፣ በአንድ ይዘት 3 ገጽ ብቻ ደረሰው። ጎኑን 10 አድርገው፣ ገጹ 600 ይዘቱ 1000። ሴል ኦክስጅንና ምግብ የሚያስገባው ቆሻሻ የሚያስወጣው በገጹ ነው፣ የሚጠቀመው ግን በይዘቱ ነው፣ እያደገ ሲሄድ መሃሉ ያለው ተራብኩ ይላል። በዲፍዩዥን (በራሱ እየተሰራጨ) የሚሄድ ነገር ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ዲኤንኤውም አለ፣ አንድ ኒውክለስ ውስጥ ያለች ኮፒ ለስንት ሳይቶፕላዝም ትድረስ?

ግን ይሄን እንደ ሕግ እንዳትይዘው። የነርቭ ሴል ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት 1 ሜትር ያህል ይደርሳል፣ ቀጭን ስለሆነ ገጹ አላነሰውም። የጡንቻ ሴል በርዝመቱ ብዙ ኒውክለስ ይይዛል። ቀይ የደም ሴል ደግሞ 8 ማይክሮሜትር የማትሞላ ሆና ኒውክለሷንም ማይቶኮንድሪያዋንም አስወግዳ፣ አትከፈልም፣ 120 ቀን ገደማ ሠርታ ታልፋለች። ሁሉም ሴል ይከፈላል የሚል ነገር ፈተና ላይ ካየህ ውሸት በል፣ አብዛኛው የአዋቂ ነርቭ ሴል ጂ ዜሮ የሚባለው (መከፈል የቆመበት ሁኔታ) ውስጥ ገብቶ ነው የሚኖረው፣ የጉበት ሴል ደግሞ እዛው ተቀምጦ ጉበቱ ሲጎዳ ተመልሶ መከፈል ይጀምራል።

እና ባክቴሪያ ላይ ይሄን ሁሉ ማይቶሲስ ምናምን እርሳው፣ ኒውክለስ የለውም ስፒንድልም የለውም። ኢ ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ይከፈላል፣ ዲኤንኤውን ለመገልበጥ ግን 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እንዴት ቻለ? የመጀመሪያው ግልበጣ ሳያልቅ ሁለተኛውን ይጀምራል፣ ሲወለድ የልጅ ልጁን ዲኤንኤ እየገለበጠ ነው የሚወለደው።

ጡረተኛው_መምህር

ጥሩ ተባለ። ልጄ አሁን ገብቶህ እንደሆነ እንፈትሽ፣ 46ን ተወው እሱን ሸምድደህ ልታልፍ ትችላለህ። የፍራፍሬ ዝንብ የሰውነት ሴሏ 8 ክሮሞሶም አለው። ማይቶሲስ ሜታፌዝ ላይ ስንት ክሮሞሶም ስንት ክሮማቲድ? ማይቶሲስ አናፌዝ ላይ ሴሉ ውስጥ በጠቅላላው ስንት ክሮሞሶም? ሚዮሲስ አናፌዝ አንድ ላይስ በጠቅላላው? ሚዮሲስ ሁለት ሲያልቅ አንድ ሴል ውስጥስ?

ግራ_የገባው

እሺ መምህር ልሞክር። ሜታፌዝ ላይ 8 ክሮሞሶም 16 ክሮማቲድ። አናፌዝ ላይ ሽቦው ስለተነቀለ 16 ክሮሞሶም፣ ክሮማቲድ የሚባል የለም። አናፌዝ አንድ ላይ... እህትማማቾቹ አልተላቀቁም፣ ስለዚህ በጠቅላላው 8 ነው፣ 4 ወደዚህ 4 ወደዚያ፣ ክሮማቲዱ 16። ሚዮሲስ ሁለት ሲያልቅ 4፣ ሁሉም ነጠላ።

አንዷ ብቻ ቅር አለችኝ፣ አናፌዝ ሁለት ላይ አንዱን ሴል ብቻ ካየን 4 ድርብ ገብቶ ሲላቀቅ 8 ይሆናል አይደል? ያ እኮ ከመጀመሪያው ሴል ጋር እኩል ነው፣ ታዲያ ዲፕሎይድ ሆነ ይባላል?

ላብ_ኮት

8 መሆኑ ልክ ነህ፣ ሴሉ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ነው። ዲፕሎይድ ግን አይባልም፣ ዲፕሎይድ ለመባል ከእናትም ከአባትም የመጣ ጥንድ መኖር አለበት፣ እዚህ ያሉት ከአንዱ ጥንድ የቀረው ወገን ከራሱ ግልባጭ ጋር ነው። ክሮሲንግ ኦቨር እዚህም እዚያም ቁራጭ ስለለዋወጠ ሁለቱ ፍጹም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ሆሞሎገስ ግን አይሆኑም።

ጡረተኛው_መምህር

አራቱንም አግኝተሃል። አሁን ሂድና የሽንኩርቱን 16 ይዘህ ያንኑ ሥራ፣ ከዚያ በሰው ድገመው። ሚዮሲስ አንድና ሁለት መካከል ላይ ኤስ ፌዝ አለ የሚል ምርጫ ፈተና ላይ ይመጣልሃል፣ ተጠንቀቅ።